ሦስተኛዋ አራሚ

የወንድሟ ልጅ ለሥራ ልምምድ አመልክታ "አልተመረጥሽም" የሚል ባለሁለት መስመር ደብዳቤ ሲደርሳት፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ቆሽቷ አረረ። ደብዳቤውን የላከው ድልድይ ነዳፊ መሥሪያ ቤት የራሷ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሷም እንደ ልጅቱ በውጭ ፓስፖርት ገብታ አሥራ አንድ ዓመት አገልግላበታለች።

"ተይው አክስቴ፤ ለእኛ ሰው መቼ ሰጥተው ያውቃሉ?" አለቻት ልጅቱ በስልክ።

"አልተወውም! በቁጥር ነው አንገታቸውን የማስደፋቸው።"

መዝገቡን አወጣች። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አመልካቾች ስልሳ አንዱ የውጭ ዜጎች ናቸው፤ ከተመረጡት አሥራ ስምንት መሐል ግን የውጭ ዜጋ አንድ ብቻ። አድልዎ ባይኖር አምስት ያህል ይገቡ ነበር። እንዲህ ያለው ውጤት በአጋጣሚ ቢመጣ ከመቶ ሁለት ጊዜ እንኳ አይሞላም። "ያዝኳችሁ!" አለች ጮክ ብላ።

ማን እንዳደላ መለየት ቀረ። እያንዳንዱን ማመልከቻ ሦስት አራሚዎች በየግላቸው ከአሥር ነጥብ ይሰጡታል፤ ስሙ ይሸፈናል፣ ዜግነቱ አይሸፈንም። እሷ ቀድማ ከአራሚዎቹ አንዱ በሆነው በዋና መሐንዲሱ ላይ ፈርዳለች። ሰውዬው በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስሟን አስተካክሎ ጠርቶ አያውቅማ!

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ዋና መሐንዲሱ ለውጭውም ለአገሬውም እኩል ሰጥቷል። ሁለተኛዋ አራሚ፣ የአስተዳደር ክፍሏ ሴትዮም እንደዚያው። ሦስተኛዋ አራሚ ግን ለውጭ ዜጎች በአማካይ ሁለት ነጥብ ቀንሳለች። ሦስተኛዋ አራሚ እሷ ናት።

ደግማ አሰላችው። ያው ነው። ለወገኗ አደላች እንዳይሏት ፈርታ፣ የውጭ ዜጋ ወረቀት ባየች ቁጥር ጠበቅ ታደርግ ነበር፤ ይህንንም ሐቀኝነት ትለው ነበር።

የልጅቱን ወረቀት ፈልጋ አገኘችው። ስምንት፣ ስምንት፣ አራት፤ ማለፊያው ሃያ ሁለት። ከአራቱ ጎን በገዛ እጇ "ጥሩ ነው፤ ግን ይቀረዋል" ብላ ጽፋለች። ምን እንደሚቀረው አልጻፈችም።

ሪፖርቷ ላይ "አድልዎ አለ፤ ምንጩ አልተለየም" ብላ ፈረመች። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዋና መሐንዲሱን ጠረጠረ። እሷም አላስተባበለችም።

"ማን ሆኖ ተገኘ አክስቴ?" አለች ልጅቱ።

"አልታወቀም።"

"ይሁን፤ አንቺ ስላለሽልን ነው እንጂ እዚያ ቤት ማን አለን?"

አክስቷ አፍራ ስልኩን ዘጋችው።