ባሕሩ የሚዘጋበት ቦታ

«እናቴ ትንንሾቹን ዛጎሎች ለምን እንደምትፈልጋቸው ማንም አልጠየቃትም?» አለች ሴሬይማ።

«ምን ያስጠይቃል?» አለች ጎረቤቷ ላይሳኒ፣ የሎሚ ቅጠል ሻዩን እየቀዳች። «ጥርሷ አልቆ ነዋ! ኦክቶፐስ በያዘች ቁጥር ወደ እኛ ትመጣና ‹ይሄን ውሰዱ፣ ትንሽ ዛጎል ካገኛችሁ ስጡኝ፤ ብቻ በሕይወት ትኑር› ትለን ነበር። ለድዷ የሚለሰልስ ሥጋ ፈልጋ ነው ብለን እንሰጣት ነበር። ይቺን ለምታክል ዛጎል ይህን የሚያክል ኦክቶፐስ! እኛን ምን ቸገረን?»

ሰሌኑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሴሬይማ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ለገና በዓል ስትመጣ እናቷ ኡናይሲ ሸንኮራ በጥርሷ እየላጠች ስታኝክ አይታታለች። ነገሩ ከነከናት።

የእናቷ ልቅሶ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሴሬይማ ከሱቫ ከተማ የተሳፈረችበት የጭነት ጀልባ ማዕበል ይዞት አንድ ቀን ዘገየ። ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ መቃብሩ ላይ ነጭ አሸዋ ተነስንሶ ነበር። ስምንት ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት የሰው ድስት ስታጥብ ኖራ የእናቷን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ሳታይ ቀረች። ይህ አንጀቷን ይበላታል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለባት። በትውልድ ደሴቷ ሰው ሲሞት ባሕሩም አብሮ ያዝናል። በአራተኛው ቀን ጧት የሟች የበኩር ልጅ ሟች ትወደው የነበረውን በባሕሩ ውስጥ ያለ የኮራል ዐለት በጣቷ ታሳያለች። እዚያ እንጨት ይተከላል፤ እንጨቱ እስኪነቀል ድረስ ከዚያ ቦታ ማንም አንዲት ዓሣ አያወጣም። በመቶኛው ቀን ያስተከለችው ልጅ ራሷ እንጨቱን ነቅላ ጥቁሯን ታወልቃለች፣ መንደሩም የተዘጋውን ባሕር አጥምዶ ይደግሳል። እስከ አራተኛው ቀን ግን ሐዘንተኛዋ እግሯን ባሕር ውስጥ አትነክርም፤ ሄዳ ማየት አትችልም። ሴሬይማ የእናቷን ቦታ አታውቀውም። የተሳሳተ ቦታ ካሳየች እናቷን ሁለተኛ ጊዜ ሳትሸኛት መቅረቷ ነው።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ሳኪዩሳ መላ ይዞ መጣ።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አላት እግሩን አጣጥፎ እየተቀመጠ። «ከማንግሮቩ ዛፎች ጀርባ ያለውን ጭቃ አሳዪ። እዚያ ሸርጣኑም ሞቶ አልቋል። ባሕሩም ይዘጋል፣ ወጉም ይደርሳል፣ ጦሙን የሚያድርም የለም።»

«በመቶኛው ቀን ምን ሊበላ ነው ታዲያ አጎቴ?»

«የቆርቆሮ ዓሣ ከሱቫ ይዘሽልን ትመጫለሻ! አሁንስ የምንበላው እሱን አይደል?»

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነበር። የዓሣ አጥማጅ መንደር ሆኖ ከጀልባ ላይ የታሸገ ዓሣ ያወርዳል። ሴሬይማ ልጅ ሳለች ሁለት ሰው የማያነሳው ዛጎል ከኮራሉ ሥር እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። አባቷና ሳኪዩሳ ጠልቀው እያወጡ ሥጋውን ለመርከበኞች ሸጡት፤ ቅርፊቱ የአሳማ መመገቢያ ገንዳ ሆነ። መርከበኞቹም ዛጎሉ ሲያልቅ መምጣታቸውን ተዉ። ሴሬይማ ወደ ሱቫ በተሳፈረች ቀን እናቷ ጀልባው አጠገብ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ «ባሕሩን እኛ ጨርሰን በላነው፤ ለአንቺ አላስተረፍንልሽም። ሂጂ» አለቻት። ሴሬይማ ያባረረቻት መስሏት አኩርፋ ነበር የሄደችው። ለስንት ወር መልእክት እንኳ አልላከችላትም።

በሦስተኛው ቀን፣ እንግዶቹ ካሳቫ በኮኮናት ወተት እየበሉ ሳለ፣ ሴሬይማ ሹልክ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ከማድ ቤቱ ጀርባ የቤቱ የቅርፊት ክምር አለ። ተንበርክካ በእጇ በተነችው። የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የሸርጣን እግር፣ የዓሣ አጥንት፤ እስከ ሥሩ ድረስ ቆፈረችው። ላይሳኒ ስትፈልጋት መጥታ አፈር በአፈር ሆና አገኘቻት።

«ምነው ልጄ? ሐዘኑ ወደ ራስሽ ወጣ እንዴ?»

«አክስቴ፣ ያን ሁሉ ዛጎል ከበላች ቅርፊቱ የት አለ? አንድም የለም እኮ።»

ላይሳኒ ክምሩን አየች። ጎንበስ ብላ እሷም በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች ቆይታ። «ወደ ቤት ይዛው ስትገባ አይቻት አላውቅም። ከእኛ ትቀበልና ብቻዋን ወደ ሰባራው ኮራል ትሄዳለች። ስትመለስ ቅርጫቷ ባዶ ነው። ድዷን እንዳናይባት አፍራ እዚያው ጥሬውን ትበላዋለች እንል ነበር።»

«ጥርስ እኮ ነበራት፣ አክስቴ።»

«ነበራት እንዴ?» ላይሳኒ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አፏን በእጇ ይዛ ነበር የምትስቀው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ...» ዐይኗ እንባ ሞላ፤ የልቅሶውን ሰሞን ሁሉ ስታወራ እንጂ ስታለቅስ አልታየችም ነበር።

ሴሬይማ ተነሥታ ከጓሮው አጥር ላይ ባሕሩን አየችው። ባሕሩ ሸሽቷል፤ ሰባራው ኮራል ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሮጣ ሄዳ ማየት አማራት። እግሯን ግን ከአሸዋው አላሳለፈችውም።

በአራተኛው ቀን ጧት ዘመድ ሁሉ ባሕር ዳር ተሰበሰበ። ሳኪዩሳ ጫፉ ላይ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበትን እንጨት ተሸክሞ ወደ ማንግሮቩ መንገድ ጀምሮ ነበር። ሴሬይማ እጇን ወደ ሰባራው ኮራል ዘረጋች።

«ወዴት? እዚያማ ኦክቶፐስ አለ!» አለ ሳኪዩሳ።

«እዚያ ነው።»

«ልጄ፣ ሰው ይራባል እኮ...»

«ሳኪዩሳ፣ የሐዘንተኛ ጣት አይመለስም» አሉ የጎሳው ሽማግሌ ዋይሳሌ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሴሬይማ ቀድማ ገባች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ሰባራውን ኮራል ዞረችና ቀጥ አለች። በድንጋይ ካብ የታጠረ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነበር። በውስጡ ዛጎሎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ሳህን የሚያካክሉ፣ ከመቶ ይበልጣሉ። ሁሉም ክዳናቸውን ከፍተው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ከንፈራቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። እናቷ አንድም አልበላችም። በኦክቶፐስ እየለወጠች ባሕሩን መልሳ ስትተክለው ኖራለች።

ሳኪዩሳ ከኋላዋ ደርሶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ የድሮው ጠላቂ ዐይኑ በራ።

«የመቶኛው ቀን ድግስ ይሄ ነው! ሰው ጠግቦ ያድራል!»

ሴሬይማ ክው አለች። እናቷ ለማንም ያልነገረችውን እሷ በገዛ ጣቷ አሳየችው። የእንጨቱን ጫፍ ጨብጣ ያዘች።

«የሚነቅለው ማን ነው፣ አጎቴ?»

«አንቺ ነሻ።»

«ካልነቀልኩትስ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ጥቁርሽን ሳታወልቂ፣ ጠጉርሽን ሳትቆረጪ፣ ሳትጨፍሪ፣ ሳታገቢ ልታረጂ? እናቷን አልለቅም አለች፣ ሙታን ጠሪ ናት ነው የሚሉሽ።»

«እነዚህ እስኪወልዱ ስንት ዓመት ይፈልጋሉ? እርስዎ ያውቃሉ።»

ሳኪዩሳ ያውቃል። ከእሱ በላይ ያወጣቸው የለም። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየው፤ የእህቱን የድንጋይ ካብ አየው፤ ከዚያ ዐይኑን ሰበረ።

«አምስት ዓመት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስድስት ቢሆን ይሻላል።»

«እንግዲያው ጥቁር ያምርብኛል።»

ሳኪዩሳ ድንጋይ አንሥቶ እንጨቱን መምታት ጀመረ። ለመቶ ቀን ከሚተከለው በላይ ጠልቆ ከገባ በኋላም መምታቱን አላቆመም። በመጨረሻ ድንጋዩን ጥሎ ፊቱን በጨው ውሃ ታጠበና ወደ ዳር ተመለሰ።

ሴሬይማ ለብቻዋ ቀረች። አንዷን ለማየት ጎንበስ ስትል ጥላዋ ዛጎሏ ላይ አረፈ፤ ዛጎሏም ጥርቅም ብላ ተዘጋች። ሴሬይማ ደንግጣ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ወሰደች፤ ፀሐይዋን ለቀቀችላት። ከዚያ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ እስክትከፈት ድረስ ሳትነቃነቅ ጠበቀቻት።