የጉግሰኛው ውርወራ

ማኪናው የኮሶዬን ቁልቁለት እያጓራ ሲወርድ፣ ቢያዝን ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁን በጋቢው ሥር ደብቋል። በመዳፉ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ጆንያው ከፊቱ እስከ ላይ ተቆልሎ መንገዱን ስለጋረደበት የሚያየው ከጎኑ የደረሰውን ብቻ ነው። ቁጥቋጦ አለፈ፤ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለፈ፤ ከዚያ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የሚያርፉባት ጠባብ ሜዳ ብቅ አለች። የወንድሙ ሚስት ጽጌሬዳ ሸክሟን አጠገቧ አውርዳ ቆማለች። ልክ ትይዩዋ ሲደርስ እጁን ወደ ውጭ ሰደደና ከፈተው።

ቆርቆሮዋ ስትወርድ በዓይኑ አያት። እንደ ቱንቢ ቀጥ ብላ ከእጁ ሥር ወረደች። ሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ባንዳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ሲመለከት ቢያዝን አንጋጦ ደመና እንደሚያይ ሰው ሆነ። በልቡ ግን ወንድሜ ተረፈ፣ ይኸው ተረፈ እያለ ነበር።

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የቢያዝን ታላቅ ወንድም ክንዱ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ከገባ ቆይቷል፤ አሁን ጭኑን በጥይት ተመትቶ ከኮሶዬ ገደል በታች ካለ ዋሻ ተኝቷል። ቅጠል ቢጨመቅ፣ ማር ቢቀባ፣ ጠበል ቢረጭ ቁስሉ እምቢ አለ። የአገሩ ወጌሻ አይቶት፣ ከዚህ በኋላ እግሩን መቁረጥ ነው፣ ያም ቢሆን ለነፍሱ ዋስ አልሆንም ብሎ ሄደ። መላ ያለው ሰው የተገኘው ጎንደር ከተማ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ቁስል የሚያጥበው ወልደኢየሱስ የክንዱ አበልጅ ነበርና፣ የጣሊያን ወታደሮች ቁስል የሚደርቅበትን ነጭ ዱቄት በቆርቆሮ አድርጎ ለቢያዝን ሰጠው።

መስጠቱስ ተሰጠ፤ ማድረሱ ነው ጣጣው። ከጎንደር የሚወጣ እግረኛ በየበሩ ይበረበራል። ከመጋዘን ተጭኖ በሚወጣ ማኪና ላይ የተቀጠረ፣ እንደ ቢያዝን ያለ ጫኝ ግን ከተማውን ሳይፈተሽ ያልፋል። የሚፈተሸው ኮሶዬ ኬላ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀበቶው ሳይቀር ይፈታል። መድኃኒት የተገኘበት ሰው ለማን ነው ተብሎ እስኪጠየቅ እንኳ አይጠበቅም፣ ገመዱ ዝግጁ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮዋ ኬላው ሳይደረስ ከማኪናው መውረድ አለባት። የምትወርድባት ቦታም ያቺ ሜዳ ብቻ ናት፤ ከእሷ ወዲያ አፉን የከፈተ ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ኬላው።

ቢያዝን ለዚህ የተፈጠረ ሰው መሰለው። ምነው አይመስለው? ዳማ ፈረሱን ጣሊያን እስኪቀማው ድረስ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት በጉግስ የሚስተካከለው አልነበረም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር፣ እየጋለበ ዘንጉን ከለቀቀ የሚሸሸው ጋላቢ ጋሻውን እስኪያዞር አይቆየውም፤ ጀርባውን ያገኘዋል። በሩጫ ላይ መወርወር ማለት ለእሱ መብላትና መጠጣት ነው። ታዲያ አንዲት ቆርቆሮ ከማኪና ላይ መጣል ምን ሥራ ነው?

ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ጽጌሬዳን ከእንጨት ሻጮች መካከል ሲያገኛት ፊቱ በርቶ ነበር። እሷ ግን በገደሉ ጥግ ዞራ፣ ኬላውን በእግር መንገድ ሸሽታ፣ ሌሊቱን ስትጓዝ ያደረች ሴት ናት። ዓይኗ ሰርጉዷል።

"እንዴት ነው? ቁስሉ ደረቀ?" አላት ጎንበስ ብሎ እንጨት የሚገዛ መስሎ።

"በምኑ ይድረቅ ወንድምዓለም? መድኃኒቱ ገደል ገባ።"

ቢያዝን መጀመሪያ ሰው ይሰማናል ብላ የምትሸፋፍን መሰለው። ዞር ዞር ብሎ አየ። ማንም አልነበረም።

"እኔ እኮ በዓይኔ አይቻታለሁ እታለም። ቀጥ ብላ ወረደች። እግርሽ ሥር ነው የጣልኋት።"

"እኔም በዓይኔ አይቻታለሁ። ከእጅህ ወጥታ ከማኪናው እኩል ሮጠች። በፊቴ አልፋ መሬት ላይ ነጠረችና ገደሉ ውስጥ ገባች።"

"ቆርቆሮ እግር አለው የሚሮጥ?"

ጽጌሬዳ አልተቆጣችም። ባሏ ዋሻ ውስጥ የሚያቃስትባት ሴት ለቁጣ ጊዜ የላትም። ቢያዝን ግን ተቆጣ። ከጢሙ በፊት ፈረስ ላይ መውጣቱን፣ በወገራ ሜዳ ስንቱን እንደጣለ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንጨት የምትሸጥ ሴት ውርወራ ልታስተምረው መነሳቷን፣ ይህን ሁሉ አወረደባት። ምናልባት እሷ ደንግጣ ሳታየው ቀርታ ይሆናል እስከ ማለትም ደረሰ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ጉግስ ስትጫወት የምትመታው ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል?" አለችው።

"ምን ነካሽ? ይሸሻል እንጂ።"

"እንግዲያው እሱም ይጋልባል፣ አንተም ትጋልባለህ፤ አብራችሁ ነው የምትሮጡት። ለዚያ ነው ዘንግህን ቀጥ አድርገህ ወደ ጀርባው የምትሰደው። እኔ ግን እዚያ የተገተርሁ ሴት ነኝ። የምትሮጠው አንተ ብቻ ነህ። በእጅህ ያለውም ካንተ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ፣ ስለለቀቅኸው ብቻ እዚያው ቀጥ ይላል?"

 ቢያዝን ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። ጥቂት ርምጃ ከሄደ በኋላ ግን ተመልሶ መጣና፣ ወልደኢየሱስ ከእንግዲህ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ሊያወጣ እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱን መጋዘን ጣሊያኑ ራሱ ሊቆልፈው መሆኑን ነገራት። እሷም ትኩሳቱ ክንዱን እያስቃዠው መሆኑን ነገረችው። ወጌሻው በአሥረኛው ቀን መጋዙን ይዞ ሊመጣ ተቀጥሯል።

ማግሥቱን ማኪናው ባዶውን ወደ ጎንደር ሲመለስ ቢያዝን ከኋላ ብቻውን ነበር። ባንዳው እንቅልፍ ወስዶታል። ቢያዝን በልቡ እየተሳደበ ከማኪናው ወለል ላይ አንድ ድንጋይ አነሳ። ጣሊያኖች በመንገዱ ዳር ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተክለዋል፤ አንዱ ትይዩው ሲደርስ የያዘውን ለቀቀው። ድንጋዩ እንደ ቆርቆሮዋ ቀጥ ብሎ ከእጁ ሥር ወረደ። ይኸው! ሊል ሲል አቧራው የተነሳበትን ቦታ ተመለከተ። ኖራ የተቀባው ድንጋይ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አቧራው የተነሳው እሱ ራሱ በደረሰበት፣ ከእግሩ ሥር ነው።

ሌላ ድንጋይ አነሳ። አሁንም ያው። ሦስተኛውን ሲጥል ፊቱ በእፍረት ይቃጠል ነበር። ድንጋዩስ በእርግጥ ከእጁ ሥር ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ግን እጁ ራሱ እየሮጠ ነበር። እሱም አልዋሸ፣ እሷም አልዋሸች፤ መድኃኒቱ ግን ገደል ውስጥ ነው። ቢያዝን ብቻውን ጭንቅላቱን መታ። ወንድሙን ሊገድለው የደረሰው ያ የታመነ የጉግስ ልማዱ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጽጌሬዳን ከአምባ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኛት። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አላስጨነቀችው። ማተቧን እያሻሸች፣ እሱ በኩራት ላይ ሳለ የሠራችውን ነገረችው። ቆርቆሮዋ መጀመሪያ የነጠረችበትን ቦታ ሣሩ ተልጦ አገኘችው። ከዚያ ተነስታ ራሷ ቆማበት እስከነበረው ቦታ በርምጃ ለካች። ከቆመችበት ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ጎንደር አቅጣጫ ሄደች። ያ ርምጃ ያደረሳት ትልቁ ኮሶ ግርጌ ነው።

"ኮሶው ጋ ስትደርስ ልቀቃት" አለችው። "ነጥራ እንዳታልፈኝ እንጨቴን ከወዲያ በኩል አጋድሜ እጠብቃለሁ።"

"ሾፌሩ ፈጥኖ ቢነዳስ?"

"ያን ቁልቁለት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚለቀው። ከርሜ አይቼዋለሁ።"

 ቢያዝን አሁን ሐሳቡ ገብቶታል፤ ያልተዋጠለት ሌላ ነገር ነው። ወደ ኋላ ባሽቀነጥራትስ ብሎ አሰበና ወዲያው ተወው፤ እጁን ወደ ላይ ካነሳ ባንዳው ያየዋል። እጁን ከመክፈት በቀር የሚያደርገው የለም።

"ኮሶው ጋ ስደርስ እኮ ጆንያው ይጋርደኛል። አንቺን አላይሽም" አላት።

"እኔ አለሁ።"

"ካላየሁሽ በምን አውቃለሁ?"

"አለሁ አልሁህ ቢያዝን።"

በስሙ ጠርታው አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ ወንድምዓለም ነው የምትለው። ቢያዝን ራሱን ነቅንቆ ተለያት።

የሰኞው ማኪና ከጎንደር ሲነሳ ጭነቱ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። ቢያዝን ከኋላ ቦታውን ያዘ፤ ቆርቆሮዋ ጋቢው ሥር ናት። ወልደኢየሱስ ሲሰጠው እንደነገረው፣ ይህች ካለፈች ሌላ የለም። ወጌሻው ነገ ይመጣል። ቢያዝን ግን ፈርቷል ለማለት አይደፈርም። እንዲያውም መንገዱን ሁሉ ያንጎራጉር ነበር፤ ነገሩን ፈትኖ አውቆታል፣ እሷም ለክታ አውቃዋለች፤ ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ታወቀው። ማኪናው ራሱን ለቀቀ። ነፋሱ ጋቢውን ያርገበግበው ጀመር። ቢያዝን እጁን ወደ ውጭ ሰደደ፣ እጁም እንደ ልማዱ የሚመታውን ሰው ፈለገ። ዕድሜውን ሙሉ ያላየውን ነገር ወርውሮ አያውቅም። ከፊቱ ጆንያ ነው፣ ከጎኑ ቁጥቋጦ ነው። ብትቀርስ? ታማ ቢሆንስ? ከኬላው የወጣ ዘበኛ ከዚያ አስነስቷት ቢሆንስ? አንድ ሐሳብ ሹክ አለው፤ ትንሽ ቆይ፣ ኮሶውን እለፍና የቀሚሷ ጫፍ ብቅ ሲል ልቀቅ፣ በመካከል አድርገው። ደግሞም ልቡ ወደዚያ አደላ። የኮሶው ቅርንጫፍ ከጆንያው ጫፍ ብቅ አለ። ግንዱ መጣ።

ቢያዝን እጁን ከፈተ።

ቆርቆሮዋ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ወረደች። ኮሶው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሜዳዋ ከተፍ አለች፤ ጽጌሬዳም አለች። ቆርቆሮዋ እግሯ ሥር መሬት መታች፣ ነጠረች፣ ከተጋደመው እንጨት ጋር ተጋጭታ ቆመች። ጽጌሬዳ ወደ ማኪናው አልተመለከተችም። ሸክም እንደደከማት ሴት ወገቧን ይዛ፣ ቀሚሷን ዘርግታ፣ ቆርቆሮዋ ላይ ቁጭ አለች።

ዒላማውን ያገኘ ጉግሰኛ የሚለው አለው። ዘራፍ ይላል፤ ፈረሱን ይጠራል፤ አባቱን ይጠራል፤ ሜዳውን ሁሉ ስማኝ ይላል። ለቢያዝን ቃሉ ከሆዱ ተነስቶ ጉሮሮው ደረሰ። ባንዳው ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እያየው ነበር። ቢያዝን ጋቢውን እስከ አፉ ስቦ ቃሉን ዋጠው። ማኪናው ገደሉን ዞሮ ኬላው ጋ ሲቆም ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ወረደና፣ ሳይጠሩት ወደ ፈታሹ ሄዶ ሁለት ባዶ እጆቹን ዘረጋለት።