የሶልባት መርዶ

የኮሪያ ቋንቋ የተማርኩት ለእንጀራዬ ነው። አባባ የምላቸው አያቴ ግን ለእሳቸው ብዬ የተማርኩ ይመስላቸዋል። ሃምሳ አለቃ ተክለጻድቅ ኮሪያ የዘመቱት ጺማቸው በቅጡ ሳይበቅል ነው፤ ዛሬ ዘጠናን ተሻግረዋል። ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ ጆሮና ምላሳቸው ግን ከእኔ ይሻላል።

ዶክተር ናም የሚባል፣ ቹንቾን ከምትባል የኮሪያ ከተማ የመጣ ሰው ዘማቾችን ሊያነጋግር ፈለገና መሥሪያ ቤቴ አስተርጓሚ አድርጎ መደበኝ። የከተማዋን አስተዳደር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ማን መቼ እንዳስተዳደራት፣ ድንበሯ የት እንደነበር፣ ስሟ ስንቴ እንደተቀየረ። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያስተኛ ሥራ ያለ አይመስለኝም። የሆነ ሆኖ መጀመሪያ ያመጣሁት እኛው ቤት ነው። አባባ ስለ አንዲት መንደር የሚጠይቁት ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሰሞን እንግዳ ማምጣት አልነበረብኝም። ሰፈራችን ሊነሳ ነው። እዚህ የካ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ተደጋግፈው የቆሙት የጭቃ ቤቶች በሙሉ ቀይ ምልክት ተቀብተዋል፤ የእኛም በር ላይ አለ። ምትክ ቤት ካራ አካባቢ ነው ተብለናል። ይህን ለአባባ የነገራቸው የለም። እዚህ ቤት የገቡት ከኮሪያ በተመለሱ ማግስት ነው። ሴት አያቴን ያገቡት፣ እናቴን ያሳደጉት፣ ሁለቱንም ወደ መቃብር የሸኙት ከዚሁ ነው። ስለዚህ እንደ መርዶ ደበቅናቸው። መርዶ ደግሞ ማንም ተነሥቶ አይናገረውም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፣ በዘዴ ያረዳል። እኔም ጎረቤት እስኪያረዳልኝ እየጠበቅኩ ነው። ፈሪ ነኝ።

ዶክተር ናም ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ገባ። አባባ ከሽሮ ሜዳ ያስገዙኝን አዲስ ጋቢ ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እንግዳው በቅድሚያ አድራሻቸውን እንድጠይቅለት ፈለገ።

«የትኛውን ልንገረው?» አሉ አባባ። «በጃንሆይ ጊዜ ወረዳ ነበርን። ደርግ መጣና ከፍተኛ አለን፣ ቀበሌም ጨመረልን። ከዚያ ክፍለ ከተማ ሆንን፤ ቀበሌውን ከቀበሌ ደባለቁት። አሁን ደግሞ ዞረው ዞረው ወረዳ! ስሙ ተለዋወጠ እንጂ እኛ ንቅንቅ አላልንም በይው።»

ተረጎምኩ።

«የእኛም ልክ እንደዚሁ ነው!» አለ ዶክተር ናም። ፊቱ በርቶ ካርታዎቹን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ። ቹንቾን በነገሥታቱ ዘመን የክፍለ ሀገር መቀመጫ ነበረች። በጃፓኖች ጊዜ በአነስተኛ ከተማነት ተመዘገበች። ከነጻነት በኋላ ሙሉ ከተማ ስትባል ዙሪያዋ ያለው ገጠር ተነጥሎ ሌላ ስም ተሰጠው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ተቀላቀለ። አባባ «ወይ ግሩም! እነሱም እንደኛው መከራቸውን አይተዋል» እያሉ ሰሙትና፣ ሲጨርስ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ሶልባትስ?»

የሶልባትን መንደር እኛ ቤት የማያውቃት የለም። በክረምቱ ውጊያ እግራቸው በበረዶ ደንዝዞ ሳለ አንዲት የሶልባት እናት ቤቷ አስገብታ፣ እግራቸውን ጉያዋ ውስጥ ከትታ አሙቃላቸዋለች። «ከነጣቶቼ የተመለስኩት በእሷ ነው» ይላሉ። ጋቢው ለልጆቿ ነው።

ዶክተር ናም ከአሮጌው ካርታ ላይ አገኛት። በቀጣዩም አለች። በሦስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግድብ ሲሠራ ሶልባት ከውኃ በታች መቅረቷን ነገረኝ።

«አድጋለች ነው የሚለው» አልኩ።

አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያደገ ሰፈር እንዲህ በሹክሹክታ አይወራም፣ ልጄ። ጠፍታለች?»

«ውኃ ውጧታል፣ አባባ።»

«ሰዎቹስ?»

ጠየቅኩት። ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው እንደተበታተኑ ነገረኝ። ማን የት እንደገባ አላጠናም፤ የእሱ ሥራ አስተዳደሩ ነው። ይህን ሲል አንገቱን ደፋ።

«ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ ያረዳቸው ሰው ነበር ወይ? ጠይቂልኝ።»

«አባባ...» ብዬ ቀረሁ።

«ደጃችን ያለው የሰዓዲያ ሱቅ ከተዘጋ ሰነባብቷል» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ከልጆች ጋር ስትጨቃጨቅ አልሰማም። የዘረሰናይ ቤት ቆርቆሮ ሲነቀል ግን ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ሰው መጥቶ ያረዳኛል ብዬ በየማለዳው ልብሴን ለብሼ እጠብቃለሁ። ለካ የሚያረዱኝ ሰዎች ናቸው የሄዱት!»

ከጉንጫቸው ላይ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እናቴ ስትሞት እንኳ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም።

«ምን አሉ?» አለኝ ዶክተር ናም። እንጀራዬ መተርጎም ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ። ሰውየው እኔን አየ፣ በሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየ። ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ካርታዎቹን ይጠቀልል ጀመር።

አባባ ጋቢውን ዳበሱት። ከዚያ እጥፋቱን ፈትተው በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት።

«ካራ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «እውነት ነው?»

«ይበርዳል፣ አባባ» አልኩ።