ጠባሳ የሌለው ሰው

በ1931 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ፣ በወይዘሮ ገበያነሽ ጠላ ቤት፣ የክብር ቦታ የሚሰጠው በቁስል ነበር። ሹመቱን ሁሉ ጣሊያን ስለወሰደው ለወንዶቹ የቀረላቸው ይኸው ነው። ጅራፍ የቀመሰ መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ በጥፊ ብቻ የተመለሰ መቀመጫ ዱካ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ጥጉ የወጌሻው የጋሽ ባጫ ነበር። በሳንጃ ተሰነጠቀ የተባለውን ትከሻውን ሳያይ ጠላ የሚቀምስ እንግዳ አልነበረም።

ኮርቻ ሰፊው ሀብተሥላሴ ግን ከጣሊያን ኬላ እስር ቤት አንድ ጭረት ሳይኖርበት ተመለሰ። ይባስ ብሎ አይቀመጥም። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቆማል፤ ሰው ድንገት ከነካው ዋንጫው ከእጁ ይወድቃል። የጠላ ቤቱ ሊቃውንት መረመሩ። ታስሮ ቆዳው ያልተላጠ ሰው ምንድን ነው? ባንዳ ነዋ። ወዲያው ኮርቻ የሚያሰፋው ጠፋ፤ ሰላምታ የሚሰጠውም ጠፋ።

አንድ እሁድ፣ በጅራፍ ሰንበሩ የታወቀው አምሐ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ሀብቴ፣ ጌቶችህ ፍራሽ አንጥፈው አሳደሩህ አሉ። እስቲ ሸሚዝህን አውልቅና ጠባሳህን አሳየን። ከሌለህ በሩ ያውልህ።»

ሀብተሥላሴ አሰበ። ባንዳ ተብሎ መውጣት አለ፤ እውነቱን ተናግሮ መውጣትም አለ። በሩ ያው አንድ በር ነው።

«ሸሚዝ ማውለቅ አያሳይህም» አለ። «ወታደሮቹ ይዘው ደፈሩኝ።»

አምሐ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አብሮት የሚስቅ ሰው በዓይኑ ፈለገ።

«ይሄን ትከሻ የሰነጠቀችው በቅሎ ናት» አለ ጋሽ ባጫ በድንገት። «ረግጣኝ ነው። ጣሊያን ያደረገኝን ሀብቴ ተናገረልኝ። እኔም እዚያው ኬላ ታስሬ ነበር።»

«ለበቅሎ ነዋ ዓመት ሙሉ በነፃ የቀዳሁልዎ!» አለች ገበያነሽ። ብላም እንስራዋን አንስታ ዋንጫውን ደግማ ሞላችለት።

የሰው ክንድ ሳይጎትት ውሎ የማያውቀው ወጌሻ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሀብተሥላሴ ፊት ቆመ።

«አልነካህም። ና፣ ጥጉ ላይ ተቀመጥ። ከኋላህ ግድግዳ፣ ከፊትህ በሩ ነው። እኔስ ለክብር የያዝኩት ይመስልሃል?»

አምሐና ሁለት ጓደኞቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ እንዲህ ያለ ብክነት በኮልፌ ታይቶ አይታወቅም። የቀሩት አራት ጠጪዎች ለሀብተሥላሴ መንገድ ለቀቁ።

የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀምጦ ጨረሰ። ሁለተኛውን ቆሞ ጠጣ።