ከዳኘ ጋር የሠራች አንዲት ሰው

ጋሪው ከሌሞ ወደ ሆሳዕና ሲንገጫገጭ ዳኘ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። «ዎርክ አዝ» ለሙያ፣ «ዎርክ አት» ለቦታ፣ «ዎርክ ፎር» ለአሠሪ። የእንሰት መፋቂያ ማሽን የሚያስተዋውቅ አንድ ፕሮጀክት ሦስት ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ ይፈትነዋል። ካልተቀጠረ አጎቱ በመጪው ወር ደቡብ አፍሪካ ሊልከው ቆርጧል፤ እናቱም ብቻዋን ልትቀር ነው።

«‹ዊዝ›ስ ለማን ነው?» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን የአክስቱን ልጅ ሐዳሳን ጠየቃት። መምህርት ናት።

«አብሮህ ለሚሠራ። ግን አንተ ከማን ጋር ሠርተህ ታውቅና?»

ዳኘ ለሰው መሥራትና ከሰው ጋር መሥራት ለየብቻ ቃል እንዳላቸው ከዚያ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም። እሱ አብሮ የሠራው ከአንዲት ሰው ጋር ብቻ ነበር። አምና የእናቱ ክንድ ሲሰበር የአጥሩን በር ዘግቶ፣ ከጓሮ ለመፋቂያ ከቆመው ጣውላ ፊት ተቀምጦ፣ እሷ እየነገረችው እንሰት ፍቋል። በአገሩ ይህ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ሲፍቅ ከታየ መሳቂያ ይሆናል። ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም።

ፈታኞቹ ወይዘሮ ገነቴና አቶ አክሊሉ ነበሩ። አቶ አክሊሉ የአጎቱ ጎረቤት ናቸው። ስለ እንሰት ምን ልምድ እንዳለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ያዘጋጀው መልስ ሌላ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱ ጮክ ተብሎ ሲነገር ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጓጓ።

«አይ ዎርክድ ዊዝ ማይ መዘር» አለና በእጁ የመፋቅ ምልክት አሳየ።

የአቶ አክሊሉ እስክሪብቶ ቆመ። «ፍቀሃል? አንተ? ወንዱ?» አሉ በአማርኛ።

«አዎ ጋሼ። ክንዷ ተሰብሮ ነበር።»

ወይዘሮ ገነቴ ግን ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ስትፍቅ እግርህን የት ታደርጋለህ?»

«አንዱን ወደ ላይ አነሣና ከግንዱ የተላጠውን ቅርፊት በተረከዜ ከጣውላው ላይ እይዛለሁ። ሦስት ቀን ወገቤ አልተቃናልኝም።»

«ስለ ወገብ የነገረን ወንድ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉ እየሣቁ። «ማሽኑም የመጣው ለዚሁ ወገብ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለህ።»

አቶ አክሊሉ ወረቀቱን አጠፉ። «መፋቅህን ለአጎትህ እኔ አልነግረውም። አንተው ንገረው።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎስ ሞክረው ያውቃሉ?»

አቶ አክሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጣዩን ተፈታኝ ጠሩ።