ስልሳና ሠላሳ

በሻምበል ባዩ ክፍል ውስጥ ስልሳ የሚባል ቁጥር የለም። ከሃምሳ ዘጠኝ በኋላ የሚመጣው ስድሳ ነው። አንዱ ልጅ አምልጦት «ስልሳ» ያለ እንደሆነ ሻምበል ጠመኔውን ያስቀምጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። ልጁ አርሞ «ስድሳ» እስኪል ድረስ አይዞሩም። አይቆጡም፣ አይሳደቡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

«ሬዲዮ ላይ ስልሳና ሠላሳ አይለዩም» ብለውናል በመጀመሪያው ቀን። ሌላ አልጨመሩም።

ክፍሉ ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ አናጺ ቤት ጓሮ ያለ ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አንድ ሰሞን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጁ ሁሉ መንገድ ለመንገድ ሲውል ጊዜ ሁለት ጡረተኛ ወታደሮች ከፈቱትና የሳይንስ ክበብ አሉት። ሻምበል ባዩ መድፈኛ ነበሩ፤ ሒሳብና ልኬት ያስተምራሉ። ሃምሳ አለቃ ሙላቴ ደግሞ በጦሩ መረጃ ክፍል ውስጥ የሬዲዮ ንግግር ሲያደምጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታቱ ኤሌክትሮኒክስ ያሳዩናል። «ሐሜት በመስማት ደመወዝ የተከፈለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ፤ እሳቸው ሲስቁ ሻምበል አይስቁም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አጥቼ፣ ቤት ከዋልሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። «ከጣራው ጋር ከምታወራ እዚያ ሂድ» ብላ እናቴ ላከችኝ።

የክፍሉ ሁለተኛ ሕግ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አንድ ሰው ቁጥር ከተናገረ፣ የሚጽፈው ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ መልሶ ማለት አለበት። ያልሰማ «ይደገም!» ይላል። እኔ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልወድም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው በልቤ ነው።

«ይሻው» ይሉኛል ሃምሳ አለቃ፣ «ድምፅህን ለልጅ ልጅህ ልታወርሰው ነው እንዴ እንዲህ የምትቆጥበው?»

ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣ ያለ ድምፅ።

የካቲት ሲገባ ወደ ጉና የሚያስኬድ ሥራ መጣ። ከክበቡ ልጆች አንዷ እሌኒ አገሯ ከጉና ሥር ነው፤ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። የመንደራቸው ትምህርት ቤት ውሃ የለውም። ልጆቹ ጀሪካን ተሸክመው ገደል ወርደው ነው የሚቀዱት፤ ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ እግሯን ተሰብራለች። ከትምህርት ቤቱ በላይ ምንጭ አለ። ቱቦውም መጥቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ችግሩ በምንጩና በትምህርት ቤቱ መካከል ያለው ዐለት ነው። ዶማ አይገባውም፤ ቱቦው በላዩ ማለፍ አለበት። ዐለቱ ከምንጩ ዝቅ ካለ ውሃው ይሻገራል፣ ከፍ ካለ የመንደሩ ሰው በከንቱ ቆፈረ ማለት ነው። ዝቅ ይበል ከፍ ይበል በዓይን አይለይም።

«እንለካዋለን» አሉ ሻምበል።

መሣሪያችን ውሃ የተሞላ ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ ነው። ጫፍና ጫፉ በሁለት ዘንጎች ላይ ታስሯል፤ ዘንጎቹ ላይ ሳንቲ ሜትር ተጽፏል። አንዱ ዘንግ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ይቆማል። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ስለሚቆም፣ የፊተኛው ሰው መሬቱ ምን ያህል እንደ ወጣ ወይም እንደ ወረደ አንብቦ ይጣራል፤ የኋለኛው ይጽፋል። ከዚያ ሁለቱም ወደፊት ይሄዳሉ። ከምንጩ እስከ ዐለቱ ሠላሳ አንድ ጊዜ ዘንጎቹን እየተከልን ሄድን። ሻምበል ጉልበታቸው እሺ ስላላለ ምንጩ ዳር ቀሩ። ፊት እሌኒ ነበረች፣ ኋላ እኔ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነፋስ ተነሣ። ጉሙ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተገለጠና ታች፣ በጣም ታች፣ የፎገራ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ጣና እንደ ቀጭን ክር ሲያበራ ታየኝ። እዚያ ዳር ቆሞ ወደዚህ የሚያይ ሰው ጉናን ምን ይለው ይሆን እያልሁ ነበር።

«ወጣ፣ …ሳ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የቁጥሩን መጀመሪያ ነፋሱ ወሰደው። ይደገም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። እሌኒ ዘንጉን ነቅላ መሄድ ጀምራለች። አፌን ዘጋሁና ሠላሳ ብዬ ጻፍሁ።

ከተማ ተመልሰን ሻምበል ቁጥሩን ሲደምሩ ዐለቱ ከምንጩ በሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ። እሌኒ እጇን አጨበጨበች። ለመንደሩ ሽማግሌ ለአያ ቢሆነኝ ስልክ ተደወለ፤ ቁፋሮው ከሚካኤል ማግስት እንዲጀመር ተቆረጠ።

እነዚያን አራት ቀናት ደብተሩን ስንቴ እንደ ከፈትሁት አላውቅም። ሠላሳው ቦታው ላይ አለ። ሠላሳ ከሆነ ውሃው ይሻገራል። ስልሳ ከነበረ ግን ዐለቱ ከምንጩ በስምንት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ሠላሳ ነው እላለሁ ለራሴ፤ ወዲያው ደግሞ ያ «…ሳ» በጆሮዬ ይመጣል።

ሃምሳ አለቃ ሙላቴ አንድ ሬዲዮ አብረን ስንበይድ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጆሮህ ውስጥ አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምንም የለም ሃምሳ አለቃ።»

«ሥራዬ እኮ ይኸው ነበር። ምንም የሌለው ሰው እንዲህ አይደለም ዝም የሚለው።»

አንገቴን ደፍቼ መበየዱን ቀጠልሁ። ያን ቀን ሲቀልዱ አልሰማሁም።

በሚካኤል ማግስት ማለዳ ከሃምሳ አለቃም ጋር በሚኒባስ ሄደን፣ ከዚያ በእግር ወጣን። ሻምበልን በበቅሎ አወጧቸው። ከአርባ በላይ ሰው ዶማና አካፋውን ይዞ ምንጩ ዳር ቆሟል። ሴቶቹ ጠላና ዳቦ አምጥተዋል። አያ ቢሆነኝ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀረቡ።

«በሉ ሻምበል፣ አንቱ ባሉት መስመር እንጀምር። ልጁ ሁሉ ከዛሬ ወዲያ ገደል አይወርድም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

እሌኒን እጅጌዋን ይዤ ወደ ጎን ሳብኋት።

«አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስልሳ ነው ያልሽው ወይስ ሠላሳ?»

«ምን ጻፍህ?»

«ሠላሳ።»

ፊቷ ተለወጠ። «ይሻው፣ እኔ አላስታውስም። ብርዱ አፌን አስሮት ነበር። ስልሳ ብዬ ይሆናል፤ የቤታችን ቃል እኮ ነው። አንተስ መቼ ደገምህልኝ? ዝም ስትል ጊዜ ሰማ ብዬ ሄድሁ።»

አንድ ጎልማሳ ዶማውን አነሣ። የመጀመሪያዋ ዶማ መሬት ከነካች በኋላ የምናገር ሰው እንዳልሆንሁ ራሴን አውቀዋለሁ።

«ይደገም!» አልሁ።

ድምፄ ተሰነጠቀ። አርባው ሰው ዞረ። ሻምበልም ዞሩ።

«ምኑ?»

«አሥራ ዘጠነኛው ቁጥር። ሠላሳ ብዬ ጻፍሁ እንጂ አልሰማሁትም፣ ሻምበል። ስልሳም ሊሆን ይችላል።»

ሻምበል ፊታቸውን አዞሩ። ግድግዳ አልነበረም፤ ወደ ተራራው ነው የዞሩት። ዶማ ያነሣው ጎልማሳ፣ አስናቀ የሚሉት፣ «እንግዲህ አጨዳችንን ጥለን የመጣነው የልጅ ጨዋታ ልናይ ነው?» አለ።

«የምን አጨዳ ነው በየካቲት? አርፈህ ቁም» አሉት አያ ቢሆነኝ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሻምበል ወደኛ ዞሩ።

«ልጁን አትቆጡት» አሉ። «እኔ በሱ ዕድሜ፣ ትንሽ በልጬው፣ መድፈኛ ነበርሁ። ሞላ የሚባል ጓደኛዬ ጉብታ ላይ ሆኖ ጥይቱ የት እንደ ወደቀ እያየ በሬዲዮ ይነግረኛል፤ እኔ ቀምሬ መድፉን አስተካክላለሁ። እንዲህ ነፋስ ነበር። ‹ወደ ግራ› አለኝ፣ ከዚያ ቁጥር። ስልሳ ይሁን ሠላሳ አልለየሁትም። አዛዡ ከአናቴ ቆሞ ፍጠን ይላል። ይደገም ማለት አፈርሁ። ሠላሳ አልሁ።»

እጃቸውን በካፖርታቸው ኪስ ከተቱ።

«ጥይቱ የራሳችን ሰዎች ላይ ወረደ። ዘጠኝ ሰው። ከዚያ የሞላ ድምፅ መጣ። ‹ስልሳ ነው ያልሁህ ባዩ› አለ። አልተሳደበም። ያን ብቻ አለና ሬዲዮው ተዘጋ። ጦርነቱ አልቆ እስክንበተን አላገኘሁትም። በኋላም አላገኘሁትም።»

ሃምሳ አለቃ ሙላቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ ሰምቼው ነበር» አሉ። «ያን ቀን የኛኑ መስመር እያደመጥሁ ነበር። ስልሳ ሲል ጥርት ብሎ ነው የገባኝ። ባዩ ሠላሳ ብሎ ለመድፉ ሲያስተላልፍም ሰማሁ። የኔ ክፍል በዚያ መስመር መናገር አይፈቀድለትም ነበር። አልተናገርሁም።» ኮፍያውን በእጃቸው አዞሩት። «ይህን ለባዩ የነገርሁት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። ክፍሉን የከፈትነው ከዚያ በኋላ ነው።»

አያ ቢሆነኝ አማተቡ። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም ዶማቸውን አስተኝተው ተቀመጡ። «ለኩት» አሉ። «እንጠብቃለን።»

በዚህ ጊዜ ሻምበል ምንጩ ዳር አልቀሩም። ደብተሩን ከእጄ ወሰዱና «አንተ ፊት ሂድ። የምትጣራው አንተ ነህ» አሉኝ። እሳቸው ከኋለኛው ዘንግ ጋር፣ በአያ ቢሆነኝ ትከሻ ተደግፈው፣ አንድ አንድ እርምጃ ይከተሉኛል። እየጮህሁ እነግራቸዋለሁ፣ እየጮኹ ይመልሱልኛል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ዘንጉን ተከልሁ። ውሃው ላይ ታች ይል ነበር፤ እስኪረጋ ጠበቅሁ። ዝቅ ብዬ ሁለቴ አነበብሁት።

«ወጣ፣ ስልሳ!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሌኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስድሳ ብዬ ላርም አፌን ስከፍት ሻምበል አልዞሩም። ቀጥ ብለው እያዩኝ ነበር።

«ስልሳ» አሉ። ድምፃቸው ለእኔ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ፣ ከእኔ አልፎ ሄደ። «ስልሳ። ሰምቻለሁ።»

ከዚያ አጎንብሰው ጻፉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላጣደፋቸውም።

ዐለቱ ከምንጩ በስምንት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ሻምበል ይህን ሲናገሩ አስናቀ «ስንት ነው እሱ?» አለ። ሃምሳ አለቃ አራት ጣታቸውን አጋጥመው አሳዩት።

«ለአንድ ጋት?» አለ አስናቀ። «አንድ ጋት ነው ውሃ የሚከለክለን?»

«ይከለክላል» አሉ ሻምበል። «ዐለቱን በታች በኩል እንዞረዋለን። ቱቦው ለጥቂት ይበቃል። ቁፋሮው ግን ሦስት ቀን ይጨምራል።»

ሦስት ቀን ሲባል አጉረመረሙ። አንዲት ሴት ዳቦው ለዛሬ ብቻ ነው የተጋገረው አለች። አያ ቢሆነኝ ተነሥተው ከዐለቱ በታች ያለውን ተዳፋት በዓይናቸው ለኩት፤ ከዚያ ታች ያለውን ገደልና ልጆቹ የሚወርዱበትን ቀጭን መንገድ አዩ። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሰዉ ተከተላቸው። አስናቀ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ሲያልፈኝ ቆም ብሎ አራት ጣቱን ፊቴ ላይ አጋጥሞ አሳየኝና ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እሌኒ አዲሱን መስመር ለመጀመር ዘንጉን ይዛ ታች ቆማለች። ሻምበል ደብተሩን መለሱልኝ። ነፋሱ አልቆመም ነበር።

«ወረደ፣ አሥራ ሁለት!» አለች።

«አሥራ ሁለት!» አልሁ፣ እስከ ማዶው እንዲሰማ።