ሰው ፊት የተሰጠ ስጦታ

«አንድ ቀን እንኳ ፊልም ሳታይ አላደረችም» አለ ብሩክ፣ ድምፁ ሳሎኑን ሞልቶት። «ሶፋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ሪሞቷን ይዛ፣ ያሻትን ስትከፍት ስትዘጋ። ሁሉንም እኔ ነኝ የከፈትኩላት። ቢያንስ በዚህ በዚህ እጽናናለሁ።»

«ተባረክ!» አሉ እትዬ አሰፋሽ፣ የሟቿ የረጅም ዘመን ጓደኛ። «እናቱን እንዲህ አስደስቶ የሚሸኝ ስንት አለ?»

ፋናዬ የውሃ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ወደ ውስጥ መግባቱን ትታ እዚያው ቀረች። ለቀስተኞቹ ሐዘኑ መሰላቸው። አንዷ ብድግ ብላ ትሪውን ተቀበለቻትና «አይዞሽ የኔ እናት፣ አረፍ በይ» አለቻት። ፋናዬ ግን ወደ ኩሽና ተመለሰች። እዚያ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ሀፍሳ እጅጌዋን ሰብስባ ሳህን ታጥባለች።

«ሰማሽው?» አለች ፋናዬ።

«ሰማሁት።»

«ከአፉ ሲወጣ ትንሽ እንኳ አይሰቀጥጠውም?»

ሀፍሳ ቧንቧውን ዘጋች። «ፋኑ፣ ሐዘን ቤት ነው። ትናንት ነው የቀበራችኋት። ሠልስቱ ይውጣና ለብቻው ይዘሽ ንገሪው።»

«ለብቻው?» ፋናዬ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ሰው ፊት ሰጣት፤ ብቻዋን ነጠቃት። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ነው የምጠይቀው።»

እናታቸው ዓለምሸት በወጣትነቷ ፒያሳ ካለ አንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ነበረች። መስኮቷን ዘግታ፣ የሸጠችውን አስረክባ ወደ አዳራሹ ስትገባ ፊልሙ ሁልጊዜ ተጋምሶ ይደርሳታል። ስለዚህ የዚያን ዘመን የህንድ ፊልሞች መጨረሻቸውን አንድም ሳይቀር ታውቃለች፤ መጀመሪያቸውን ግን አታውቅም። ማታ ለልጆቿ ታሪኩን የምታወራው ከመሃል ጀምራ ነው። «በፊት ምን ሆነው ነው?» ሲሏት «እሱን እናንተ ሙሉት» ትላቸዋለች። የሚሞላው ብሩክ ነበር። ወንድማማቾቹ በልጅነታቸው እንዴት እንደተለያዩ፣ ልጅቷ ለምን እንደታወረች፣ አልጋው ላይ ቆሞ እየተወነ ይፈጥርላታል። እሷም እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ፋናዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ዓለምሸት በልጆቿ መሃል ልዩነት አላደርግም ትል ነበር፤ ግን ታደርግ ነበር።

ስፖንሰር አድርጋ ቶሮንቶ ያመጣቻት ግን ፋናዬ ናት። ሬክስዴል ሰፈር ያለችው አፓርታማዋ ውስጥ አብረው ኖሩ። ፋናዬ ብሉር መንገድ ባለ ፋርማሲ ሥራ ላይ ስትውል እማዬ ብቻዋን ትውላለች፤ በረዶው ሲመጣ ደግሞ ጉልበቷ አላስወጣ ይላታል። ያን ጊዜ ነው ፋናዬ ፊልም በፖስታ የሚያከራይ ድርጅት ያገኘችው። የሚፈልጉትን ኢንተርኔት ላይ መምረጥ ነው፤ ዲስኩ በስስ ፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል፤ አይተው ሲጨርሱ በዚያው ፖስታ አሽገው መንገድ ዳር ያለ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጥሉታል፤ ሌላ ይላካል። እነዚያ የድሮ የህንድ ፊልሞችም ነበሩበት።

የመጀመሪያውን ዲስክ ሀፍሳ ነበረች ከታች ከመልእክት ሳጥኑ ያመጣችላት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከፊልሙ ስም ጀምራ አየችው። ገና ሳይጋመስ ስልኩን አንስታ በአቅራቢያው ብራምተን ከተማ የሚኖረውን ልጇን ኮል አደረገች።

«ብሩኬ! ለካ ወንድማማቾቹ የተለያዩት ባቡር ጣቢያ ነው! አንተ ያልከው ጎርፍ አይደለም፤ ውሸታም!»

ብሩክም ከልቡ ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ስልክ ያነሳ ነበር።

የሠልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ጢም አለ። ብሩክ የቤት ሽያጭ ደላላ ነው፤ ፎቶው የአውቶቡስ ፌርማታ ወንበሮች ላይ ሳይቀር አለ። ከለቀስተኛው ግማሹ ቤት የገዛው በእሱ በኩል ነበርና በሩ ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በሁለት እጁ እየጨበጠ ያስገባል፤ ትከሻቸው ላይ ራሱን ጣል ሲያደርግ እንባው ይመጣለታል። ፋናዬ የተረፈውን ዳቦ ልታስቀምጥ ወደ በረንዳው ስትወጣ ጀርባውን ሰጥቷት ስልክ ያወራል።

«የገዢውን ኦፈር ነገ ጠዋት ሰብሚት አድርገን እናስገባለን። አይ፣ አይ፣ ችግር የለም፤ እናቴ ናት፣ ግን ሠልስቷ ዛሬ ይወጣልኛል።»

ዳቦውን እንደያዘች ተመለሰች። ሰው ፊት ልትጠይቀው የቆረጠችው ያኔ ነው።

የፖስታው ኪራይ የሞተው ቀስ በቀስ ነበር። ዲስኮቹ መዘግየት ጀመሩ፤ ከዚያ የሚፈለጉት ጠፉ፤ በፈረንጆቹ 2014 ሰመር ደግሞ «ዘግተናል፣ በእጃችሁ ያለውን መልሱ» የሚል ኢሜይል መጣ። ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ ማየት ጀምሯል፤ ዲስክ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እማዬ የመጨረሻውን ዲስክ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ አሸገችው። «ተዘጋ ተብሎ የሰው ዕቃ አይቀርም» አለች።

ከዚያ በኋላ ፋናዬ ያልሞከረችው የለም። ከላይብረሪ ዲስክ ተዋሰች፤ የህንድ የለም። በስልኳ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋ ከፈተችላት፤ እማዬ «ጉንዳን ነው የሚዘፍነው?» ብላ መለሰችላት። በመጨረሻ ለወንድሟ ነገረችው፤ እሱም በገና ዕለት መጣ። ቤቱ እንግዳ ሞልቷል። ብሩክ ቴሌቪዥኑ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ አምጥቶ አስገባና በኢንተርኔት ፊልም የሚያይበትን የራሱን አካውንት ከፈተ፤ «እማዬ» የሚል ፕሮፋይልም ሠራላት፤ ሥዕል ሳይቀር መረጠላት። ሪሞቱን እንደ ሽልማት በሁለት እጁ ሲሰጣት እንግዳው አጨበጨበ። እማዬ ተነስታ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዛት። አንዷ በስልኳ ቀርጻው ነበርና ቪዲዮው ከሰው ሰው ዞረ።

የበረዶውን ወራት በሙሉ አየች። የህንዱ ጥቂት ቢሆንም የኮሪያውንም የቱርኩንም ወደደችው። በፋሲካ ማግስት ግን ፋናዬ ከሥራ ስትመለስ እናቷን ሪሞቱን ይዛ ፍዝዝ ብላ አገኘቻት። ቴሌቪዥኑ ፓስወርድ ይጠይቃል።

ፋናዬ ወንድሟን ኮል አደረገች። «ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ ቴክስት አደርግልሻለሁ» አለ። አላደረገም። ደግማ ደወለች፤ ቆይቶ ጭራሽ ማንሳቱን ተወ። እሷም ተናዳ የራሷን አካውንት ገዛች፤ ለዚያ የሚከፈለው ከምሳዋ አይበልጥም። እማዬ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዝጊው።»

«ያው ነው እኮ እማዬ፤ አንድ ዓይነት ነው።»

«አንድ ዓይነት አይደለም። የብሩኬን ብሩኬ ይክፈትልኝ።» ሪሞቱን አስቀምጣ ደግሞ «ምን አስቀይሜው ይሆን?» አለች። ፋናዬ የራሷን አካውንት አስወጥታ ዘጋችው።

ይህችን ጥያቄ ሰመሩን ሁሉ ጠየቀች። ልቧ እየደከመ ሄዶ ሆስፒታል ስትገባም ጠየቀች። በጥቅምት አንድ ረፋድ ላይ አረፈች።

«ብሩኬ» አለች ፋናዬ፣ የሠልስቱ ዕለት ሳሎኑ መሃል ቆማ። ድምፅዋ ለራሷም እስኪገርማት ድረስ ለስላሳ ነበር። «እትዬ አሰፋሽ እማዬ መጨረሻ ላይ የምታየውን ማወቅ ፈልገዋል። እስቲ አንዴ ክፈትላቸው።»

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተሻገር ቀና አሉ። «ልጄ፣ በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን…»

«ፎቶዋን ከማየት አይለይም ጋሼ። የምትወደው ነገር ነው።»

ብሩክ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እሱን እያየ ነው። ሪሞቱን ተቀበላትና ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ፓስወርድ የሚጠይቀው ባዶ ሳጥን ብቅ አለ።

«ምነው፣ ተዘግቷል እንዴ?» አሉ እትዬ አሰፋሽ።

«አይ፣ ቲቪው ነው። አንዳንዴ ራሱ ሳይን አውት አድርጎ ያስወጣል።»

«አዎ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ሳይን አውት አድርጓል» አለች ፋናዬ። «አስገባዋ።»

ቀስቱን ፊደል ለፊደል እያንቀሳቀሰ አስገባ። ሁለቴ ተሳሳተ። ክፍሉ ውስጥ የሪሞቱ ቀጭ ቀጭ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ገጹ ተከፈተና ፕሮፋይሎቹ ተደረደሩ፤ የብሩክ፣ የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ አንድ ደግሞ «ክላየንት»፣ ማለትም ደንበኛ፣ የሚል።

«የእማዬስ?» አለች ፋናዬ።

ብሩክ ሪሞቱን ወደ ታች አወረደ። አንገቱ ከኮሌታው በላይ ቀላ።

ፋናዬ ያሰበችው ይህን ያህሉን ብቻ ነበር። ከግድግዳው ጥግ የተቀመጠው ሰይፉ ግን ባለፈው ዓመት ሚልተን ከተማ በብሩክ በኩል ቤት የገዛ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነውና ነገሩ ቀላል መስሎት ሊያግዝ ፈለገ። «እንዴ ብሩኬ፣ ለእኛ እኮ ያኔውኑ አዲሱን ፓስወርድ ቴክስት አድርገህልናል። ለእሳቸው ሳትልክ ቀርተህ ነው?»

የተናገረው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

ፋናዬ ይህን አታውቅም ነበር። ወደ ብሩክ ዞረች። «ለደንበኞችህ ላክህ?»

«ፋኑ… ሰው በዛብኝ። ቤት ለገዛ ሁሉ እሰጥ ነበር፤ እኔኑ አላስከፍት ሲለኝ ፓስወርዱን ቀይሬ ለጥቂቶች ላክሁ። ለእማዬ በቴክስት አይሆንም፣ በአካል መጥቼ እከፍትላታለሁ ብዬ… ዛሬ ነገ ስል…»

«‹ምን አስቀይሜው ይሆን› እያለች ነው የሞተችው!» ፋናዬ ጮኸች። «ስሙልኝ! እኔ የገዛሁላትን አላይም ብላ፣ ባዶ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ እሱን ስትጠብቅ ነው የሞተችው። እናንተ በእሱ ስጦታ ፊልም ስታዩ!»

ፋናዬ የወንድሟ ፊት ሲፈርስ አየችው። ጣፈጣት። እውነቱን ለመናገር በጣም ጣፈጣት፤ ስትጠብቀው ከነበረው በላይ።

እትዬ አሰፋሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ወይ ዓለሜ! ለእኔ ግን በየሳምንቱ ደውላ ‹ብሩኬ የከፈተልኝን እያየሁ ነው› ትለኝ ነበር። ታሪኩን ከነዝርዝሩ ታወራኝ ነበር እኮ። ከየት አምጥታ ነው?»

ፋናዬ ቀዝቀዝ አለች። እናቷ ስሙን ጠብቃለት ነው የኖረችው። ፊልም ፈጥራ፣ ታሪክ አሳምራ፣ ጓደኛዋን ዋሽታ፣ የልጇን ነውር ሸፍናለች። ፋናዬ ደግሞ የሸፈነችውን በሠልስቷ ገለጠችው። መጸጸት እንደሚገባት ገባት፤ ግን የመጣባት ጸጸት አልነበረም፤ ሌላ ንዴት ነበር። ሞታም ለእሱ አደላች።

«በቃ ልጆቼ፣ በቃ» አሉ ጋሽ ተሻገር። ሰይፉ ነው ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ያጠፋው።

ሰው የዚያን ቀን ከወትሮው ቀድሞ ወጣ። በሩ ላይ የብሩክን እጅ በሁለት እጁ የጨበጠ አልነበረም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው መሬት መሬት እያዩ አለፉት። በማግስቱ የመጡት ጥቂት ናቸው። ፋናዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ «አይመጣም» ስትል በሩ ተከፈተ። ብሩክ ከራቫት አላደረገም፤ ጺሙንም አልተላጨም። ቦታ የለቀቀለት ስላልነበረ በሩ ስር፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ተሻገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኅትና ወንድም ናችሁ። ከእናንተ ሌላ የቀረ የለም። በሉ ተነሱና ተሳሳሙ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች ፋናዬ። «ዛሬ አልችልም። ነገም እንጃ።»

«እውነቷን ነው» አለ ብሩክ። እንደ መጀመሪያው ቀን ድምፁ ሳሎኑን አልሞላውም። ትከሻው ብቻ መርገፍገፍ ጀመረ። በመዳፉ አፉን አፈነ፤ እንባና ንፍጡ በጣቶቹ መሃል ወረደ፤ የሚጠርግበት ነገር በኪሱ ፈልጎ አጣ። ሀፍሳ ከኩሽና በር ላይ ፋናዬን አየቻት። ሌሎቹ አቀረቀሩ።

ፋናዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ወደ ኤርፖርቱ ዝቅ እያለ ነው። እስኪሰወርባት ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ዓይኗን ሳትመልስ፣ እጇንም ከጭኗ ላይ ሳታነሳ፣ አጠገቧ የነበረውን የሶፍት ካርቶን በእግሯ ጣቶች ምንጣፉ ላይ ወደ ብሩክ ገፋ አደረገችው፤ አልደረሰለትም፤ እግሯን ዘረጋችና ደግማ ገፋችው።